በቆራጣ ስለ ተያዙት እስረኞችና ስለ መጻሕፍታቸው

እስረኛ የጻፈውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ አሳሪው ነው፤ ጨካኝ ነበረን? ፍርዱስ የቀና ነበረን? ሰንሰለቱስ ስንት ወር ቈየ? ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን አሳሪው በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ የሚታይ ሰው ነው፤ ሌሊትና ቀን ከጐን የማይለየው አብሮ የታሰረው ነው። ሲያንኰራፋ የሚሰማው፥ ስንቅ ሲመጣለት የሚታየው፥ ሲቈጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው የሚያሳልፉት እርሱ ነው። ስለዚህ የእስር ቤት መጽሐፍ ዋና መመዘኛው ጸሐፊው አብሮት ስለ ታሰረው ሰው የጻፈው ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ንጉሥን መክሰስ፥ ይልቁንም ንጉሡ ከሞተ በኋላ፥ ብዙ ድካም የለበትም።

በዚህ መመዘኛ ልንመለከታቸው የሚገቡን መጻሕፍት ከሩቅ አገር የሚፈለጉ አይደሉም። ከወረታ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ የጕማራን ወንዝ ተሻግሮ በጣና ዳር፥ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ያህል ርቃ ቆራጣ ትገኛለች። ይህች ቦታ ከሁለት ዓይነት የእስረኛ ታሪክ ጋራ ስሟ ይነሣል። አንደኛው በቅድስቲቱ ተከታዮች ዘንድ ሲነበብ የኖረው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው፤ ሁለተኛው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በዚያ ተይዘው ወደ ጋፋትና ወደ ደብረ ታቦር፥ ኋላም ወደ መቅደላ የተወሰዱት ፈረንጆች አገራቸው ገብተው ያሳተሟቸው መጻሕፍት ናቸው። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። ቦታው ካልሆነ በቀር ሌላ ዝምድና የላቸውም፤ ነገር ግን ጐን ለጐን ሲነበቡ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይገልጣል። (እግረ መንገዳችንን፥ «ወኅኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ ከበጌምድር አገር የወጣ መሆኑን እናስታውስ፤ ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው ወኅኒ አምባ ስሙን ለእስር ቤት ሁሉ አወረሰ።)

የፎገራ ሰው ሳይመርጡ አብሮ ማደር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ርብና ጕማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፥ ትናንት በድንበር ይካሰሱ የነበሩ ጐረቤቶች ከነከብታቸው በአንድ ጕብታ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያ ሌሊት ማን ከማን ጋራ እንደ ተካፈለ፥ ማን ጀርባውን እንደ ሰጠ፥ ውሃው ከጐደለ በኋላ ብዙ ዓመት ይነገራል። የእስር ቤት መጽሐፍም እንደዚህ ያለ ወሬ ነው፤ ልዩነቱ ውሃው በመስከረም ሲጐድል፥ እስሩ መቼ እንደሚጐድል አለመታወቁ ነው።

አስቀድሞ የፈረንጆቹን ነገር በአጭሩ እናስታውስ። ዓመቶቹን ሁሉ መጻሕፍቱ በታተሙበት በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሰባኪ ቤተ እስራኤልን ሊያስተምር መጥቶ በ1862 ስለ ጕዞው መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭ ነበረች ብሎ ጽፎ ነበርና ይህ ቃል ኋላ ትልቅ መዘዝ ሆነበት። በ1863 በጎንደር ተይዞ ተገረፈ፤ ሁለት አገልጋዮቹም በዚያው ዕለት በዱላ ተመትተው ሞቱ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚያ የእስር ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሟቾች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ግን መጽሐፍ የጻፈ የለም። በ1864 መጀመሪያ ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቀርቶ ነበርና። እነዚህን ሊያስፈታ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ከሐኪሙ ከሄንሪ ብላንክና ከመኰንኑ ከፕሪዶ ጋራ በ1866 መጀመሪያ ከንጉሡ ፊት ደረሰ፤ በክብርም ተቀብለውት በቆራጣ ሰፈረ። የቀድሞዎቹ እስረኞች ከመቅደላ ተፈትተው በመጋቢት ወር ወደዚያው መጡ። ሁሉም አገራቸው ሊገቡ ሲሉ በሚያዝያ ወር አስታራቂውም የታረቀውም በአንድነት ተያዙ። በዚያው ዓመት ክረምት መቅደላ ላይ እግር ብረት ገባላቸው፤ እስከ ሚያዝያ 1868 ድረስም አልወጡም።

ከዚህ እስር ሦስት ዋና ዋና መጻሕፍት ወጡ። ስተርንና ብላንክ በ1868፥ ራሳም ደግሞ በ1869 በሁለት ክፍል አሳተሙ። ሦስቱም ስለ አንድ አምባ፥ ስለ አንድ ብረት፥ ስለ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ሦስቱን በተራ ያነበበ ሰው ሦስት ልዩ ልዩ እስር ቤቶችን ያየ ይመስለዋል።

የስተርን መጽሐፍ የጸሎትና የልቅሶ መጽሐፍ ነው። መከራው ከሁሉ የከፋ እንደ ነበረ አይካድም፤ ሰው ግን በራሱ ቍስል ላይ ብዙ በዘገየ መጠን በአጠገቡ ያለው ሰው እየደበዘዘ ይሄዳል። ቋንቋውም ከባድ ነው፤ የነቢያትን ኀዘን ለብሶ የሚናገር ሰው ስለ አንድ ጓደኛው ጠባይ በተራ ቃል ለመናገር ይቸገራል።

የራሳም መጽሐፍ የመልእክተኛ ሒሳብ ነው። ይህ ሰው በሞሱል የተወለደ የምሥራቅ ክርስቲያን ሲሆን፥ በዓቢይ ጾም ዋዜማ የምንጾምላትን የነነዌን ፍርስራሽ ከቈፈሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ ከመሬት ውስጥ የሸክላ ጽሑፍ ለማውጣት የለመደ እጅ ነበረው። በመጽሐፉም ደብዳቤውን፥ መልእክቱን፥ የወጣውን ገንዘብ ሁሉ ደርድሮ አስቀምጧል። በአገሩ ግን ንጉሡን በልዝብ ቃል አብዝቶ አቈላመጠ ተብሎ ተነቅፎ ነበርና፥ መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለዚህ ነቀፋ መልስ ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክሮቹ አብረውት የታሰሩት ናቸው። የሚስማማው ምስክር ደግ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ የማይስማማው ያለ ጥበብ የሚሠራ፥ ደብዳቤ እየጻፈ ሁሉን አደጋ ላይ የሚጥል ሆኖ ይታያል። ቆንስል ካሜሮን በዚህ ረገድ ብዙ ተወቅሷል፤ እርሱ ግን መልስ የሚሆን መጽሐፍ ሳይጽፍ በ1870 ሞተ። አንባቢ ይህን ሳይዘነጋ ማንበብ ይገባዋል፤ በአንድ ክፍል ከታሰሩት ሰዎች መካከል ብዕር የያዘው ብቻ ዳኛም ተከሳሽም ምስክርም ሆኗልና።

ብላንክ ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ ምክንያቱም ሐኪም መሆኑ ይመስለኛል። ሐኪም ሰውን የሚያየው ከበሽታው ጀምሮ ነው፤ በሽታ ደግሞ አሳሪና ታሳሪ አይለይም። መጽሐፉ የሚጥመው ስለ ዘመቻውና ስለ ንጉሡ ቍጣ ሲናገር አይደለም፤ ያንን ሌላውም ጽፎታል። የሚጥመው ጐጆው እንዴት እንደ ተሠራ፥ ምግቡ እንዴት እንደ ተዘጋጀ፥ እግር ብረት ያለበት ሰው ልብሱን እንዴት እንደሚያወልቅ፥ በግቢው ዘር አስመጥተው አትክልት እንዴት እንዳበቀሉ ሲናገር ነው። አትክልት የሚተክል እስረኛ ጐረቤት አለው፤ ውሃ ይጋራል፥ ዘር ይሰጣል፥ የበቀለውን ያካፍላል። በእነዚህ ገጾች ሰዎቹ ሰዎች ሆነው ይታያሉ። ከዚያ ወጥቶ ወደ መንግሥት ነገር ሲመለስ ግን የብላንክም ብዕር እንደ ሌሎቹ ይደርቃል።

ሦስቱም ጸሐፊዎች ነካ አድርገው የሚያልፉት፥ እኔ ግን የነገሩ ሥር ነው የምለው አንድ ጕዳይ አለ፤ ይኸውም ከረጢቱ ነው። በመቅደላ የነበሩት ፈረንጆች ሁሉ እኩል እስረኞች አልነበሩም። ስተርንና ካሜሮን ነባሮች ነበሩ፤ ተገርፈዋል፥ በገመድ ተሠቃይተዋል፥ የመጀመሪያውን እስር ያለ ተስፋ ገፍተውታል። ራሳም አዲስ ገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ብሩ ከምጽዋ በመልእክተኛ የሚመጣው በእርሱ እጅ ነበር። ነባሩ መከራውን አስቈጥሮ መከበር ይፈልጋል፤ አዲሱ ደግሞ ሁሉን የሚያበላው እርሱ ስለ ሆነ መታዘዝን ይፈልጋል። ከዚህ የሚወጣው ጠብ የማንንም ክፋት የሚጠይቅ አይደለም፤ ሁለት ደጋግ ሰዎችም ቢሆኑ ይጣሉ ነበር። በአገራችን እስር ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠያቂ ያለውና ጠያቂ የሌለው፥ ስንቅ የሚገባለትና የማይገባለት በአንድ ምንጣፍ ሲተኙ፥ ካቦው ምንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን፥ የመጀመሪያው የሰላም ጥያቄ ምግቡ በአንድ ትሪ ይቀርባልን? የሚለው ነው። ከሦስቱ አንዱ ይህን ጥያቄ በግልጥ አንሥቶ ቢጽፍ ኖሮ መጽሐፉ ለሰው ሁሉ የሚሆን መጽሐፍ በሆነ ነበር። እነርሱ ግን የጠባይ ጕድለት አድርገው ጻፉት፤ እገሌ ቍጡ ነው፥ እገሌ ምስጋና ቢስ ነው ብለው አለፉ።

ከዚህ የሚበልጥ ጕድለት ደግሞ አለ። በመቅደላ የታሰሩት ፈረንጆች ብቻ አልነበሩም። በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን፥ መሳፍንትና ባላባቶች፥ የወሎ ሰዎች፥ የሸዋ ሰዎች፥ የበጌምድር ሰዎች በዚያው አምባ ላይ ነበሩ። ብዙዎቹ እጃቸው ከእግራቸው ጋራ ተቈራኝቶ ነበር። በኋላ ዐፄ ምኒልክ የተባሉት የሸዋው ልጅ ራሳቸው እስከ 1865 ድረስ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ሦስቱ ጸሐፊዎች ስለ አምባው ሹሞች በስማቸው እየጠሩ፥ ማን ብር እንደሚወድ፥ ማን ጠጅ እንደሚወድ በሰፊው ይነግሩናል። አብረዋቸው ስለ ታሰሩት ሐበሾች ግን፥ ከጥቂት ታላላቆች በቀር፥ እንደ አንድ ጥላ በሩቅ ያሳዩናል እንጂ አያስተዋውቁንም። ቋንቋ ከለከላቸው እንዳይባል ከጠባቂዎቹ ጋራ ሲነጋገሩ ይውላሉ፤ አጥር ከለከላቸው እንዳይባል ከታመሙት ጳጳስ ከአቡነ ሰላማ ጋራ በመልእክት ይገናኙ ነበር። አቡነ ሰላማ በ1867 በጥቅምት ወር በዚያው በግዞት ሳሉ ዐረፉ፤ ራሳምም ስለ እርሳቸው በአክብሮት መጻፉ ሊመሰገን ይገባዋል። የቀሩት ግን ለፈረንጆቹ አብሮ ታሳሪ ሆነው አልታዩአቸውም። ጠባቂው ይጠቅማል፥ ይጐዳልም፤ ስለዚህ ስሙ ይታወቃል። ከሌላው አጥር ያለው እስረኛ አይጠቅምም፥ አይጐዳምም፤ ስለዚህ ስም የለውም።

የዚህ ስም ማጣት ክብደት የሚታወቀው በመጨረሻው ሳምንት ነው። በ1868 የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፥ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት ቀን፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከኢትዮጵያውያን እስረኞች ብዙዎቹን አስገድለው ወደ ገደል አስጣሉ። በማግስቱ በስቅለት ዓርብ በአሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ በቀዳም ሥዑር ራሳምና ጓደኞቹ ተለቅቀው ወደ እንግሊዝ ሰፈር ወረዱ፤ በፋሲካ ማግስት ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የፈረንጆቹ መጻሕፍት ስለ ሐሙሱ ግድያ ሳይናገሩ አልቀሩም፤ በድንጋጤም ይናገራሉ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል በአንድ አምባ ላይ ስላደረ ሰው ሞት ሲነገር፥ አንባቢው ያንን ሰው አስቀድሞ በአንዲት ገጽ እንኳ ስላላገኘው፥ የሚያዝነው በቍጥር ላይ ነው። የመጽሐፍ ጕድለት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ገድሉ እንመለስ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 የተወለደች የመኳንንት ልጅ ናት። ባልዋ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ ነበረ፤ ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ እርስዋ አልቀበልም ብላ ወጣች። ብዙ ከተከራከሯት በኋላ ዠበይ ወደሚባለው ቈላ አገር ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ዐርፋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ1672፥ ገላውዴዎስ የተባለው መነኵሴ ገድሏን ጻፈ። የጻፈውም ከራሱ ልቡና አውጥቶ አይደለም፤ አብረዋት የኖሩትን፥ ያገለገሏትን፥ ከእነርሱም የሰሙትን እየጠየቀ ነው። የፈረንጆቹን መጻሕፍት አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ገብቶ፥ በሩን ዘግቶ ጻፋቸው፤ ገድሉን ግን ማኅበሩ ተናገረው፥ መነኵሴው ጻፈው። ስለዚህ ከቅድስቲቱ ጋራ የነበሩት ሴቶች በስማቸው ይጠራሉ። ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንሥቶ እንደ ሁለተኛ ባለታሪክ ሆና ትሄዳለች።

የዠበዩ ክፍል በተለይ ሊነበብ ይገባዋል። ቦታው ሞቃትና ለጤና የማይመች ነው፤ ጠባቂው በመጀመሪያ ክፉ አድራጊዋ ነው፥ ክብሯንም ሊደፍር ያስባል፤ ኋላ ግን ልቡ ተለውጦ አክባሪዋ ይሆናል። ከዚያም በዚያ በግዞት ስፍራ ሰዎች ወደ እርስዋ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ይህ ስብሰባ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበሮች የመጀመሪያው ሆኖ ይቈጠራል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በጣና ዙሪያ የተስፋፋው የሴቶችና የወንዶች ማኅበር፥ ቆራጣም ከእርስዋ በኋላ የወረሰችው ሥርዓት፥ መነሻው ገዳም አይደለም፥ እስር ቤት ነው። ሰው ሳይመርጠው ከተጣለበት ቦታ የሚመረጥ ኑሮ ወጣ።

ገድሉን ስናመሰግን ጕድለቱን መሸፈን አይገባንም። ጠባቂው የተለወጠው መልአክ በታየው ጊዜ ነው ይላል፤ ይህን በእምነት እንቀበላለን። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ቀኖች ጠባቂና ተጠባቂ እንዴት እንደ ተነጋገሩ፥ ማን ማንን በምን ቃል እንደ አለዘበ ጸሐፊው አያቈየንም፤ ከተአምር ወደ ተአምር ይቸኵላል። ለጠባቂውም ስም አልሰጠውም። እኛ ፈረንጆቹን የነቀፍንበት ሚዛን እዚህም ላይ ይሠራል። በሌላ በኩል ስለ ማኅበሩ ውስጣዊ ጠብ ገድሉ ከጠበቅነው በላይ ደፋር ነው። እኅቶች ሲያጕረመርሙ፥ ሲታዘዙና ሳይታዘዙ ሲቀሩ፥ እመቤታቸውም አንዳንድ ጊዜ ለዘመኑ ጆሮ እንኳ የከበደ ቅጣት ስትለምንባቸው ይጽፋል። የቅዱሳንን ማኅበር ያለ ጠብ አድርጎ መሣል ቀላል ነበር፤ ገላውዴዎስ ይህን አላደረገም። አብረው የኖሩት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ስለ ጻፈ፥ ቢዋሽ የሚያርሙት በአጠገቡ ነበሩ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ከሁለቱም የሚለይ ሦስተኛ ዓይነት የእስር ቤት መጽሐፍ አየን፤ እርሱም ትርጕም ነው። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ታስሮ የነበረው ነቢይ መኰንን፥ ኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነው፥ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 ያሳተመችውን ትልቅ ልብ ወለድ በእስር ቤት ሳለ ወደ ዐማርኛ መለሰው። ወረቀት አልነበረምና የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነው፤ ብጥስጣሹም እንደ ገና በሲጋራ ፓኮ ተደብቆ በሚወጡት ሰዎች እጅ ወጣ። ከተፈታ በኋላ ከየቦታው ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የመጽሐፉ ታሪክ በአሜሪካ ስለ ነበረው የርስ በርስ ጦርነት ነው። ባሪያ አሳዳሪዎችን አብዝቶ ያሳምራቸዋል፤ ይህ የመጽሐፉ ትልቅ ኀጢአት ነው፥ ተርጓሚውን ስናመሰግንም ልንሸፍነው አንችልም። ነገር ግን በደርግ እስር ቤቶች አብረው የታጐሩት ሰዎች ትናንት በአደባባይ ይገዳደሉ የነበሩ የልዩ ልዩ ፓርቲ ልጆች መሆናቸውን ስናስብ፥ በሩቅ አገር ወንድማማች ተዋግቶ ስለ ፈረሰ ቤት የሚናገር መጽሐፍ ለምን እንደ ያዛቸው ይገባናል። በራሳቸው ጦርነት ቢነጋገሩ ይጣላሉ፤ በሰው አገር ጦርነት ግን ተቀምጠው መከራከር ይችላሉ።

ለእኔ ግን ከታሪኩ ይልቅ አሠራሩ ይበልጥብኛል። ራሳም መጽሐፉን ሲጽፍ አብሮት የታሰረው ሰው አላስፈለገውም፤ ምናልባትም እንዳይኖር ይመርጥ ነበር። ነቢይ ግን ሲጋራ አጫሹ ወረቀቱን ካልሰጠው፥ ጐረቤቱ አይቶ ዝም ካላለ፥ የሚፈታውም ሰው በገዛ ነጻነቱ ላይ አደጋ ጨምሮ ብጥስጣሹን ካልያዘ፥ አንዲት ገጽ እንኳ አትወጣም ነበር። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ቢከዳ መጽሐፉ አይኖርም። በሽፋኑ ላይ የተርጓሚው ስም አለ፤ እያንዳንዱ ገጽ ግን የብዙዎች እጅ ያለበት ነው።

በወረታና በደብረ ታቦር ያላችሁ ካህናት፥ ስለ ሙቁሓን በቅዳሴ የምንጸልየውን ጸሎት ይዛችሁ ታራሚዎችን ለመጠየቅ የምትሄዱ፥ ከገድለ ወለተ ጴጥሮስ የዠበዩን ክፍል ብቻ ለይታችሁ በዐማርኛ ብታነቡላቸው መልካም ነው። ረጅም አይደለም፤ በሁለት ጕብኝት ያልቃል። ስም ያልተሰጠውን ጠባቂ በሚመለከተው ቦታ ላይ ስትደርሱም ቆም ብላችሁ እነርሱን ጠይቋቸው፤ ገላውዴዎስ የዘለለውን፥ ከመልአኩ በኋላ ያለውን የዕለት ተዕለት ነገር፥ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።